የዝናን አልጭንም ያለው አውሮፕላን

ተረት አለኝ፤ ዘለበት በዘለበት የተያያዘ። የሚሰማ ወዲህ ጠጋ ይበል፤ የማይሰማም በር ላይ አይገተር፣ ብርሃን ይከለክለናል።

በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት፣ የዝና የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ያላት አንድ ልጅ ናት። የዝና ያን ሰሞን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጇ አጠገብ መቀመጥ።

ልጇ ምንታምር ናይሮቢ ናት። የምንታምር ባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያኔ መኪናው ሩቅ አገር መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ቆሟል። እሷ የበኩር ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። ደም ግፊቷ አሻቅቦ ሐኪሞቹ «ከነገ ወዲያ ጠዋት በኦፕራሲዮን ነው የምናዋልድሽ» ብለዋታል። እዚያ አገር እህት የላት፣ አክስት የላት፣ ገንፎ የሚያገነፋላት የለ።

«እማ፣ አንቺ ሳትደርሺ እዚያ ክፍል አልገባም» ብላ በስልክ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ እኮ መጋረጃ ነው። ጆሮዬን አልለጠፍኩም፤ ለጠፍኩ ብልስ ምን ታመጣላችሁ?

ትኬቱን የቆረጠላት ናሁሰናይ ነው፤ የላይኛዋ ጎረቤታችን የአሰገደች ልጅ። ዱባይ ይሠራል። እኛ ግቢ የውጭ ካርድ ያለው ሰው የለም፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ ነገር ሲኖር ሁሉም «ናሁሰናይ ይግዛልን» ነው የሚለው። ደግ ልጅ ነው። ስልኩን ሲጎረጉር አየር መንገዱ ራሱ ከሚሸጠው የረከሰ ትኬት አንድ የኢንተርኔት ሱቅ ላይ አገኘና ገዛላት። በሩ የት እንደሆነ የማይታወቅ ሱቅ! ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሱቅ! ርካሽ ጠልቼ አይደለም፤ እኔም ጎመን የምገዛው ጉልቱን ሁሉ ዞሬ ነው። ግን ጎመኑ ቢበሰብስ የምጮህባት ሴትዮ ፊቷን አውቀዋለሁ።

የበረራው ዕለት ጠዋት የዝና ሻንጣዋን ሞላች። በሶ ከተተች፣ የገንፎ ዱቄት ከተተች፣ ቅቤ በጣሳ አሽጋ ከተተች። ቅቤው ይፈቀድ እንደሆነ ልትጠይቅ፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት አስፋልቱን ተሻግሮ ወዳለው የአየር መንገድ ቢሮ ሄደች። እኔም ሄድኩ። ማን ጋበዘሽ አትበሉኝ፤ ብቻዋን ከምትሄድ ብዬ ነው።

ቢሮው ውስጥ የተቀመጠችው ሰዓዳ የምትባል ልጅ ናት። ትኬቱን አየች። ፓስፖርቱን አየች። መልሳ ትኬቱን አየች።

«እናቴ፣ የዝና ማን ናት?»

«እኔ ነኛ!»

«ፓስፖርቱ ግን ስንዱ ነው የሚለው። ስንዱ ገላው።»

«እሱም እኔው ነኝ።»

እኔ! የማን ልጅ የት እንዳመሸ የማውቀው እኔ! የጎረቤቴን ስም አላውቅም ኖሯል! ለካ ስንዱ ያላት አባቷ ነው። ኋላ ጎጃም ተድራ ስትገባ አማቷ በር ላይ ተቀብላ ግንባሯን ስማ «ከዛሬ ጀምሮ የዝና ነሽ» አለቻት። የሙሽራ ወግ ነው፤ አማት ለምራቷ ስም ታወጣለች። ከዚያ ወዲህ ባሏም የዝና አላት፣ ዕድሩም የዝና ብሎ መዘገባት፣ እኛም የዝና ስንል ኖርን። ናሁሰናይ በእሷ ጓዳ እየበላ ያደገ ልጅ ነው። ሌላ ስም እንዳላት በምን ይወቅ? ኢንተርኔቱ ስም አምጣ ሲለው የሚያውቀውን ጻፈ።

«ታዲያ አስተካክይልኛ፣ ልጄ» አለች የዝና፣ ገና እየሳቀች።

ሰዓዳ አልሳቀችም። «ከእኛ ገዝተው ቢሆን እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እጨርስልዎ ነበር። ይሄን የሸጠው የኢንተርኔቱ ሱቅ ነው። እሱ ትኬቱን ካልለቀቀልኝ ስሙን መንካት አልችልም። በዚህ ስም ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሄዱ ይመልሱዎታል።»

«ልጄ፣ ዛሬ ሌሊት እኮ ነው የሚነሳው!»

«አውቃለሁ፣ እናቴ። እኔም ቢሮ የምዘጋው ከዚያ በፊት ነው።»

ያን ጊዜ ሳቁ ከየዝና ፊት ወረደ።

አውሮፕላኑ የዝናን አልጭንም አለ።
ሰዓዳ ስሙን አልነካም አለች።
ምንታምርም ናይሮቢ ላይ በር በሩን ታያለች።

ሰዓዳ አንጀቷ አልችል አለና ራሷ ለሱቁ ደወለች። ስልኩ ዘፈን ከፈተ። ቃል የሌለው፣ መጨረሻ የሌለው፣ ልብ የሚያደርቅ ዘፈን። ሰዓዳ ሌላ ደንበኛ አስተናግዳ ተመለሰች፣ ዘፈኑ አለ። የዝና ቆመች፣ ተቀመጠች፣ ዘፈኑ አለ። በስንት መከራ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። ሰዓዳ በፈረንጅ አፍ ነገረችው፤ እሱም አንዴ እንኳ ትንፋሹን ሳይቀይር መለሰ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ስም መቀየር ክልክል ነው፣ አዲስ ትኬት ግዙ አለ።»

«የበፊቱስ?»

«አይመለስም አለ።»

«አይ ጥሩ ሰው! ጥርሱን ያርግፈው!»

ሰዓዳ ግን ሙግት ታውቅበታለች። «አንድ ሰው ናት፣ ሁለት ስም ነው ያላት፣ ፓስፖርቷ እጄ ላይ ነው» እያለች ያዘችው። ሰውዬው መውጫ ሲያጣ ነገሩን አወጣ። ለካ ትኬቱ የእሱም አይደለም! እሱም ከሌላ አገር አከፋፋይ ተቀብሎ ነው የሚቸረችረው። አከፋፋዩ ቆልፎታል፤ አከፋፋዩ ካልከፈተ ሱቁ አይለቅም።

አውሮፕላኑ የዝናን አልጭንም አለ።
ሰዓዳ ስሙን አልነካም አለች።
ሱቁ ትኬቱን አልለቅም አለ።
አከፋፋዩ ቁልፉን አልከፍትም አለ።
ምንታምርም ናይሮቢ ላይ በር በሩን ታያለች።

ለአከፋፋዩም ተደወለ። ጉንፋን የያዛት የምትመስል ሴት አነሳች። ይቺኛዋ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ሕጓን እንደ ጋሻ ይዛለች። የሰው ካርድ እየሰረቁ ትኬት የሚገዙ ሞልተዋል አለች። የከፈለው ሰው ራሱ ይቅረብ፤ ወደ ስልኩ የምስጢር ቁጥር እንልካለን፤ ቁጥሩን ነግሮ «እኔ ነኝ የከፈልኩት» ይበል፤ ያን ጊዜ እከፍታለሁ አለች።

«ናሁሰናይማ የእኔው ልጅ ነው!» ብላ የዝና ደረቷን ነካች። ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። አይነሳም። ሥራ ላይ ይሆናል አልኳት። አልሰማችኝም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ቦርሳዋን ነጥቃ ወጣች፤ አስፋልቱን በመኪና መሀል ተሻገረች። እኔም ከኋላ ከኋላ «የዝናዬ፣ ቀስ! የዝናዬ፣ ምላስሽን ያዥ!» እያልኩ።

ምላሷን አልያዘችም። ደረጃው ላይ አሰገደችን አገኘቻት። አሰገደች የታጠበ ልብስ ታቅፋ ከጣሪያ እየወረደች ነበር።

«አሰገደች! ልጅሽ ጉድ ሠራኝ!»

«ምን ሆንሽ?»

«በርካሽ ብሎ አታለለኝ! የማይሠራ ትኬት ሸጠልኝ፣ አሁን ደግሞ ስልኩን ዘጋብኝ! ሌባ! ሌባ ነው ልጅሽ!»

በሮች ተከፈቱ። የሦስተኛ ፎቋ ወጣች፣ የምድር ቤቱ ጠጅ ሻጭ ወጣ፣ ሁሉም ሰማ። አሰገደች ያቀፈችውን ልብስ ደረቷ ላይ ጭምቅ አደረገች።

«የእኔን ልጅ ነው ሌባ ያልሽው? ያንቺን ጓዳ ቤቴ ብሎ ያደገውን?»

አሰገደች ገብታ በሯን ዘጋች፤ ከበሩ ኋላ ስልክ ስታወራ ተሰማን። ሥራውን ጨርሶ ኖሯል፤ ለእሷ ወዲያው አነሳ። «ናሁ፣ ያቺ ሴትዮ ብትደውል እንዳታነሳ። ሌባ ብላሃለች፣ በሰው ፊት። እኔ አንሳ እስክልህ ድረስ እንዳታነሳ!»

የዝና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ምን አፍ ነው የሰጠኝ!» አለች። ስልኳን አውጥታ ሞከረች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ናሁሰናይ የእናቱን ቃል አይጥስም።

አውሮፕላኑ የዝናን አልጭንም አለ።
ሰዓዳ ስሙን አልነካም አለች።
ሱቁ ትኬቱን አልለቅም አለ።
አከፋፋዩ ቁልፉን አልከፍትም አለ።
ናሁሰናይ ስልኩን አላነሳም አለ።
አሰገደች አንሳ አልለውም አለች።
ምንታምርም ናይሮቢ ላይ በር በሩን ታያለች።

እኔ የአሰገደችን በር አንኳኳሁ። «አሰጉዬ፣ እኔ ነኝ። ክፈቺ።»

«አንቺን አውቅሻለሁ፣ ወሬ ልትቀጂ ነው። አልከፍትም።»

«ሴትዮዋ ልጇ ልትወልድባት ነው፣ በማርያም!»

ወደ በሩ ስትጠጋ ተሰማኝ። ማርያም ስትጠራ የማትጠጋ እናት የለችም። በበሩ ቀዳዳ እንዲህ አለችኝ፤ «ሌባ የተባለው በሰው ፊት ነው። የሚነሳለትም በሰው ፊት ነው። እዚያው ደረጃ ላይ፣ በሽማግሌ። ጋሽ ዘርጋው ይምጡና ቃሏን ታንሳ። ያለዚያ ልጄን አንሳ አልለውም።»

ጋሽ ዘርጋው የዕድራችን የድንኳን ኃላፊ ናቸው። ድሮ ግንባታ ላይ ፎርማን ነበሩ፤ ዛሬም ሰው የሚያዙት ሲሚንቶ እንደሚያስቦኩ ነው። የግቢውን ጠብ ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚዳኙት። ሮጠን ሄድን። የት አሉ ብላችሁ ነው? ሜዳው ላይ፣ ከድንኳን ጋር እየታገሉ! ያን ዕለት ከኋላኛው ሕንፃ አንድ ሽማግሌ ሞተው፣ ወንዶቹ ሁሉ ሬሳ ሸኝተው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ለቀስተኛው ሊመለስ ነው፤ ድንኳኑ አልቆመም። ነፋስ ተነስቷል። ጋሽ ዘርጋው አንድ ጥግ ይዘዋል፤ ወገቡን የሚያመው ዘበኛችን ሌላ ጥግ ይዟል፤ ሁለቱ ጥጎች ያዥ አጥተው ሸራው እንደ በሬ ይፈራገጣል።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ድረሱልን!» አለች የዝና፤ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ሰምቻለሁ» አሉ ገመዱን ሳይለቁ። «ግን ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ አላስቀምጥም። ይሄ ድንኳን ሳይቆም ከዚህ ብነቃነቅ ያ ሟች ምን ይለኛል? ድንኳኑ ይቁም፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ አልዘገይም።»

«መቼ ነው የሚቆመው?»

«ጎታች ሲገኝ!»

በዚህ መሀል የዝና ስልኳ ጮኸ። ምንታምር ናት። የዝና አነሳች።

«እማ፣ ተነሳሽ? ወጣሽ?»

«እየወጣሁ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«የሆስፒታሉ ሰዎች ማን አለሽ እያሉ ይጠይቁኛል። እናቴ እየመጣች ነው አልኳቸው። ልክ ነኝ አይደል?»

«ልክ ነሽ» አለች የዝና። ስልኩ ተዘጋ። እሷ ግን ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቀረች።

አውሮፕላኑ የዝናን አልጭንም አለ።
ሰዓዳ ስሙን አልነካም አለች።
ሱቁ ትኬቱን አልለቅም አለ።
አከፋፋዩ ቁልፉን አልከፍትም አለ።
ናሁሰናይ ስልኩን አላነሳም አለ።
አሰገደች አንሳ አልለውም አለች።
ጋሽ ዘርጋው ድንኳኑን ትቼ አልመጣም አሉ።
ድንኳኑ አልቆምም አለ።
ምንታምርም ናይሮቢ ላይ በር በሩን ታያለች።

ፀሐይዋን አየኋት፤ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። አስፋልቱን ማዶ አየሁ፤ የሰዓዳ ቢሮ ክፍት ነው፣ ገና። እኔ ሰው ሲጨነቅ አፌ አያርፍም፤ «ሌላ ሽማግሌ እንፈልግ፣ ወይ አዲስ ትኬት እንግዛ፣ ወይ አሰገደችን በሩን ሰብረን...» እያልኩ ስቀባጥር፣ የዝና የለችም። ዞር ብዬ ባይ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ለመንገድ የለበሰችው አዲስ ቀሚስ ነው፤ ጫማዋም አዲስ ነው። ጭቃው ውስጥ ገባችና ሦስተኛውን ጥግ ጨበጠች።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ለምላስሽ ብቻ ነው የመጣሽው?»

እንዲህ ተብዬ የት ልግባ? አራተኛውን ጥግ ጨበጥኩ።

«ስቡ!» አሉ ጋሽ ዘርጋው። ሳብን። ነፋሱ መልሶ ሳበን። የዝና አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አላነሳችውም። «አትልቀቁ! ደግማችሁ ስቡ!» ገመዱ መዳፌን ላጠው። ዘበኛው «ወገቤ! ወገቤ!» ይላል፣ ግን ይስባል። የዝና ጥርሷን ነክሳ፣ ተረከዟን ተክላ፣ ወደ ኋላ ተንጋልላ ሳበች፤ አውሮፕላኑን ራሱን የምትጎትት ነው የሚመስለው። መሀል ምሰሶው ጓ ብሎ ቀጥ አለ። ጋሽ ዘርጋው ካስማውን በመዶሻ መቱት፣ መቱት፣ መቱት።

ድንኳኑም ቆመ። ለቀስተኛው በመንገዱ ብቅ ሲል ሸራው ተወጥሮ፣ ጥላው መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ድንኳኑ ሲቆም ጋሽ ዘርጋው መዶሻቸውን ጣሉ፤ «በሉ፣ ምሩኝ» አሉ። አንድ ደቂቃ አልዘገዩም።

የዝና ግን ባዶ እጇን አልሄደችም። ካስማ ላይ ከሚጫኑት ድንጋዮች አንዱን አነሳችና ማጅራቷ ላይ አደረገች። ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ተበዳይ ከወደደ ያወርድለታል። አንድ ጫማዋን ሳትጫማ፣ ድንጋይ ተሸክማ፣ ደረጃውን ወጣች። የሦስተኛ ፎቋ ወጣች፣ ጠጅ ሻጩ ወጣ፣ ቅድም የሰማው ሁሉ አሁንም ተሰበሰበ።

«አሰገደች» አሉ ጋሽ ዘርጋው፣ «በዳይሽ ደጅሽ ናት።»

በሩ ተከፈተ። አሰገደች ክንዷን አጣጥፋ ቆመች።

«አሰገደች» አለች የዝና፣ አንገቷን እንደደፋች፣ «ልጅሽ ሌባ አይደለም። ስንዱ የሚለውን የፓስፖርት ስሜን አላስጠናሁትም፤ የሚያውቀውን ጻፈልኝ። ድንጋጤ ነው ያናገረኝ። ሌባ ያልኩት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው፤ በዚሁ ሰው ፊት አንስቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

አሰገደች ድንጋዩን አየች፣ የተሰበሰበውን ሰው አየች። እኔ በልቤ «ሴትዮ፣ ሰዓዳ ልትዘጋ ነው፣ ቶሎ በይ!» እላለሁ። አፌን ግን ያዝኩ፤ ይመዝገብልኝ።

«ናሁዬ ገና ሲያገኝ መጀመሪያ ሻርፕ የላከው ለማን ነበር?» አለች አሰገደች።

«ለእኔ።»

«ለእኔ ሳይልክ?»

«ላንቺ ሳይልክ።»

«ያን ቀን ተናድጄ ነበር» አለች አሰገደች። እጇን ዘርግታ ድንጋዩን አነሳችላት። ከዚያ ወደ ታች ዓይኗን ወረወረችና ጮኸች፤ «ምን ሆኗል እግርሽ? እንዲህ ሆነሽ ነው አውሮፕላን የምትገቢው? ኧረ የሰው መሳቂያ!» ይቅር ማለቷ ነው። ጫማዋን አውልቃ ወረወረችላትና ስልኳን አወጣች።

«ናሁ፣ አንሳላት። አንሳላት ብያለሁ! እንዲያውም በእኔ ስልክ አናግራት፤ ፓስፖርቷ ስንዱ ነው የሚለው አለች።»

«እትዬ የዝና!» አለ ናሁሰናይ፣ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ። «ስንዱ ማናት የምትለኝ እማዬ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። አባቴ ያወጣልኝ ነው።»

«ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ማን ጠየቀኝ? አሁን አከፋፋዩ ወደ ስልክህ የምስጢር ቁጥር ይልካል፤ ያንን ንገረን።»

«እኔም ርካሹን አይቼ ቸኮልኩ። ችግር ቢመጣ ማን እንደሚያነሳልን አላየሁም። ቁጥሩን ይላኩልኝ፤ ስልኩ እጄ ላይ ነው።»

ወረድን። የዝና በአሰገደች ጫማ፣ አሰገደች በባዶ እግሯ፣ እኔ በተላጠ መዳፌ፣ አስፋልቱን ተሻገርን። ሰዓዳ የቢሮውን ተጠቅላይ በር ግማሽ ድረስ አውርዳዋለች!

«ሰዓዳ! አትዝጊ!»

ከበሩ ሥር ጎንበስ ብላ አየችን። መልሳ ወደ ላይ ገፋችው፤ ኮምፒውተሩን አበራች፤ ለአከፋፋዩ ደወለች። ጉንፋናሟ ሴት አነሳች። ቁጥሩን ላከች። ናሁሰናይ «አልደረሰኝም» አለ። የዝና ዓይኗን ጨፈነች። «ገና አልደረሰኝም... ቆይ... ደረሰ!» አለ፤ አንድ በአንድ ነገራት።

አከፋፋዩ ከፈተ። ሰዓዳ ለሱቁ ደወለች። ሱቁ ምን ከፈተ? ያንኑ ዘፈን! ቃል የሌለው፣ መጨረሻ የሌለው። አሰገደች «ይሄ ማን ነው?» አለችኝ። «የሸጠልን ነው» አልኳት። «ሸጦ ይዘፍናል?» አለች። አራት ሴቶች አንድ ስልክ ከበን ቆመናል፤ ውጭ መንገዱ ላይ ጥላው ይረዝማል፤ ዘፈኑ ይዘፍናል። ከዚያ ሰውዬው መጣ። ሰዓዳ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም፤ «ተከፍቷል፣ ልቀቅ!» አለችው።

ድንኳኑ ቆመ።
ጋሽ ዘርጋው መጡ።
አሰገደች አንሳ አለች።
ናሁሰናይ አነሳ።
አከፋፋዩ ከፈተ።
ሱቁ ለቀቀ።
ሰዓዳ ስሙን ጻፈች።
አውሮፕላኑም የዝናን ጫነ።

ቅቤው? ይፈቀዳል ተባለ፤ ለካ ጠዋት የሄድንበትን ሳንጠይቅ ነበር የዋልነው።

የቀረውን ምንታምር ናት በስልክ ያጫወተችኝ። በማግስቱ ጠዋት፣ አልጋዋን እየገፉ ወደዚያ ክፍል ሊያስገቧት ኮሪደሩ ላይ ደርሰዋል። እሷ የአልጋውን ብረት ጨብጣ «ቆዩ፣ እናቴ» ትላለች፤ እነሱ «ጊዜ የለም» ይላሉ። በዚህ መሀል በኮሪደሩ ጫፍ፣ በሰው ጫማ እየተንሸራተተች፣ ፓስፖርቷንም ትኬቷንም በሁለት እጇ ወደ ፊት ዘርግታ፣ ማን ነሽ ከመባሏ በፊት ለመልስ የተዘጋጀች አንዲት ሴት ትሮጣለች። የሚነግሯትን አታውቅ፣ የምትላቸውን አያውቁ። ነርሷ መንገዱን ዘግታ ቆመች። ወረቀቱን አላየችም። የሴትዮዋን ፊት አየች፤ ዞራ አልጋው ላይ ያለችውን ፊት አየች።

«ማማ?» አለች ነርሷ።

«እናቷ ነኝ» አለች የዝና።

ነርሷ ከመንገዱ ገለል አለች።

ዘለበቴን ይኸው ቆጥሬ አስረከብኳችሁ፤ አንዱ ቢጎድል ከእኔ አይደለም። አሁን ውሃ አቀብሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።